ይፍታኝ ያልኩ ቀን

ባለቤቴ የዘጋውን ነገር ሁሉ ያስራል። አስቀድሜ ይህን ልናገር፤ የዚያ ቅዳሜ ጉድ የተጠነሰሰው ከዚህ አመሉ ነውና። ብቸና ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሙያው ሰዎች ሳራቺኔስካ የሚሉት ነገር አለ፤ ከመሬት በታች በሚሄደው ቧንቧ መሐል የሚገባ፣ ከላይ ክብ እጀታ ያለው፣ ሲያጠብቁት ውሃውን የሚይዝ፣ ሲያላሉት የሚለቅ የብረት መዝጊያ ነው። እሱ አንዱን ሳራቺኔስካ ዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ እጀታውን ከቧንቧው ጋር በሽቦ ጠፍሮ ያስረዋል። «ቸኩሎ የሚከፍትብኝ አይጠፋም» ይላል። እሺ፣ ይህ ደግ ነው። ግን ቤት ሲገባም አይተወውም። የዶሮ ቤቱን በር ያስራል፣ የጋዙን መክፈቻ ያስራል፣ የስኳሩን ዕቃ ሳይቀር በላስቲክ ያስራል። አንድ ጠዋት ሻዬ እየቀዘቀዘ ከቋጠሮው ጋር ስታገል «አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እኔንም ከአልጋው ጋር ታስረኛለህ» አልኩት። «እንደታሰረ ይቆይ» አለኝ እየሳቀ። ይህች የሥራ ቃሉ ናት። የዘጋው ነገር እንዳይነካበት ሲፈልግ በስልክም በአካልም የሚላት እሷን ነው።

እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። አግብቶ ወደ ብቸና አመጣኝ፤ በስፌት መኪናዬ እተዳደራለሁ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ ድምፄ ደግሞ ገበያ ይበትናል፤ ይህን ሰው ከሚነግርልኝ ራሴ ብናገረው ይሻላል። እሱ ዝምተኛ ነው። ክፉ ባል ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ችግሩ የኔ ብቻ አለመሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ያገባች ሴት ታውቀዋለች፤ እራት ላይ ይጠራል፣ ለቅሶ ላይ ይጠራል፣ ክርስትና ድግስ ላይ ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ይጠራል። ውሃ የጠፋበት ሰው እሱን ካላገኘ የሚቆጣው እኔን ነው። «እናንተማ ምን ቸገራችሁ፣ ውሃው የሚያድረው እናንተ ቤት ነው» ይሉኛል። እኛ ቤት ከሁሉም በኋላ ነው የሚደርሰው። ሲደርስም መጀመሪያ ቧንቧው አየር ይተፋል፤ ያቃስታል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ነው ውሃው ብቅ የሚለው። ያንን ማቃሰት ተኝቼም ቢሆን እሰማዋለሁ። ጀሪካን ይዤ የምነሣው በሱ ነው።

እናቴ ሞጣ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ልጃችን እዚያው እሷ ዘንድ ሆና ነበር የምትማረው፤ እንግዲህ ማን ማንን ይጠብቅ? አባቴ ዕድሜያቸውን በማኅሌት ያሳለፉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ዜማ እንጂ ድስት መጣድ አያውቁም። እንደ ዕድል ሆኖ ሞጣም የቧንቧ ባለሙያ ይፈለግ ኖሮ ባለቤቴን ጠየቁት። እኔ በደስታ ልብሴን ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። እሱ እንቢ አለ። እንቢም አላለም፤ «ጥቂት ታገሺኝ» ነው ያለው። የብቸና ሳራቺኔስካዎች የት የት እንደተቀበሩ በቅጡ የሚያውቀው እሱ ነው። ግማሾቹ መንገድ ሲሠራ አፈር ተደፍቶባቸዋል፣ ግማሾቹ ሰው አጥር ውስጥ ገብተዋል። «ለሚተካኝ ሰው አንድ በአንድ ሳላሳይ ብሄድ ሠፈሩ ይጠማል» አለኝ። ታገስኩ። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ የሚተካው ሰው አልመጣም። እናትሽን ጎረቤት ነው የሚያገላብጣት እየተባልኩ ታገስኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን «አንተ ያገባኸው እኔን ነው ሳራቺኔስካውን?» አልኩት። «አንቺ የት እንዳለሽ አውቃለሁ፣ አትጠፊብኝም» አለኝ። ቀልዱ ነበር። ለኔ ግን አንጀቴን ነው የቆረጠው። «እንግዲያው ፍታኝ» አልኩት።

ይህን ቃል የኛ ሰው ለስንት ነገር እንደሚያውለው ያኔ አስቤው አላውቅም። በሬ ከቀንበሩ ይፈታል። ባል ሚስቱን ይፈታል። ካህን ኃጢአተኛውን ይፈታል፤ እኛም ካህን ስናገኝ «ይፍቱኝ አባ» እንላለን። እነ ባለቤቴ ደግሞ ብሎን ይፈታሉ፣ የሚፈቱበትንም ብረት መፍቻ ይሉታል። ሁሉም አንድ ቃል ነው። ሰው በአፉ ሲመላለስበት ስለሚኖር የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ቆም ብሎ አይጠይቅም።

ፍታኝ ብዬ አልተመለስኩም፤ እልኸኛ ነኝ። አባቴ ተላከባቸውና ቅዳሜ ሊሸመግሉን በደብረ ወርቅ በኩል በጠዋቱ መኪና ከሞጣ መጡ። የንስሐ አባታችንም ተጠሩ። ነገሩ ለይቶለት ነበር፤ በዚያ ቀን ወይ እታረቃለሁ፣ ወይ በማግስቱ ከአባቴ ጋር ተሳፍሬ ሞጣ እገባለሁ። ልብሴ አሁንም ማዳበሪያው ውስጥ ነበር።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው፤ በዚያው ሳምንት የሠፈራችን ውሃ ጭራሽ ቀጥ አለ። ከጓሯችን በታች፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ አለ፤ የሠፈሩ ሳራቺኔስካ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እጀታው ይዞራል፣ ውስጡ ያለው የብረት ምላስ ግን ተቆርጦ ወድቆ ቧንቧውን ደፍኖታል። አሮጌውን ነቅሎ አዲስ መግጠም ግድ ሆነ፤ የሚመቸው ቀን ደግሞ ቅዳሜ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ ባዶ ጀሪካን ታቅፎ ተቀምጦ «ሽማግሌ መጥቶብኛል» ብሎ መቅረት አይቻልም። «አባቴ፣ እዚሁ ጓሮ ነኝና ጥቂት ይታገሱኝ፣ ሳበቃ ታጥቤ እመጣለሁ» አላቸው ባለቤቴ አባቴን። ስለዚህ ሽምግልናው ወደ ጓሮ ወረደ። አባቴና ካህኑ ወይራዋ ሥር፣ ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቁ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለፍቺዬ ቀን እንኳ ከሳራቺኔስካ አጠገብ መቀመጤ አንገበገበኝ።

ውሃው የሚመጣው ከሠፈሩ በላይ ዳገቱ ላይ ካለው ታንከር ነው። ታንከሩ አፍ ላይ ሌላ ሳራቺኔስካ አለ፤ እሱ ተዘግቶ ቧንቧው ባዶ ካልሆነ ታች ብሎን አይነካም። የስልኩ ኔትወርክ እንደ አመሉ ጠፍቶ ስለነበር ነገሩ በድምፅ መቀባበል ሆነ። ታንከሩ ዘንድ ጥበቃው ቆመ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆጣሪ የምታነበው ሴት ባልደረባው ቆመች። እኛን በዛፉ ምክንያት አታየንም፤ የምትሰማውን ወደ ላይ ማድረስ ነው ሥራዋ። ታች ባለቤቴ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ የሱ ድምፅ ግን አጥራችንንም አይሻገርም። አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ። ከተነጋገርን ቀናት አልፈዋል። «ድምፅሽን አውሺኝ» አለኝ።

እኔም እንዳኮረፍኩ ፊቴን ወደ ዳገቱ አዙሬ «ይዘጋ» ብዬ ለቀቅኩት። ከላይ «ይዘጋ ተብሏል» ስትል ተሰማች። ጥቂት ቆይቶ «ተዘግቷል፣ ታስሯል» የሚል መልስ ወረደ። ጥበቃው የባለቤቴን አመል ያውቃልና እጀታውን በሽቦ ጠፍሮታል ማለት ነው። ባለቤቴ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ «ይፍታ እስኪባል እንደታሰረ ይቆይ፤ ይፍታ ካልተባለ እጁን እንዳያስጠጋ በያቸው» አለኝ። ይፍታ ማለት ጥበቃው ሽቦውን ፈትቶ ውሃውን ይልቀቅ ማለት ነው። ቃል ሳላጎድል ወደ ላይ አደረስኩት። ከዚያ ወዲህ ዳገቱ ላይ ለቆመችው ሴት የሥራው ድምፅ እኔ ሆንኩ። ማናችንም ይህን ልብ አላልነውም።

ሥራው ደህና ሄደ። ብሎኖቹ ወለቁ፣ አሮጌው ሳራቺኔስካ ከቧንቧው ተላቀቀ። ብቻውን የቆመ ሰው የሚያነሣው ብረት አይደለም። ጉድጓዱ አፍ ላይ አጣና አጋድመው በገመድ አንጠለጠሉት፤ አብሮት የሚሠራው ሰውዬ አዲሱን ሊያመጣ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። ባለቤቴ ታች ብቻውን ቀረ። የተከፈተው የቧንቧ አፍ ፊት ለፊቱ ነው፤ ባዶ ነው፣ ጠብታ የለውም።

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው «እሱ እስኪመጣ የሷን እንስማ» አሉ። ተናገርኩ። የእናቴን መውደቅ፣ የልጄን ናፍቆት፣ የኔን መታገሥ ሁሉ ዘረገፍኩት። ካህኑ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባቴ ግን ጆሯቸው ከበድ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ከፊቴ ያነብባሉ። ሲሰለቻቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ልጄ፣ ዙሪያ ጥምጥሙ ይቅር። ቁርጡን ንገሪን፤ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አሉኝ።

«ይፍታኝ ነው የምለው፣ አባዬ» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ወደ ካህኑ ዘንበል ብለው።

ካህኑ ሊደግሙት አልወደዱም። ያ ዝምታ ይባስ አቃጠለኝ። ቃሉ ሰው ሁሉ የሚያፍርበት፣ እኔ ብቻ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ብድግ አልኩና ያን ሁሉ ወራት የያዝኩትን ለቀቅኩት። «ይፍታኝ! ይፍታኝ ብያለሁ!»

ነፋሱ ከአባይ በረሃ በኩል ሽቅብ ይነፍስ ነበር።

አባቴ አሁን ሰምተዋል፤ ከፊታቸው አየሁት። ካህኑ መሬት መሬት ያያሉ። በዚያ መካከል ከዳገቱ ላይ የሴት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ ተራውን እንደሚወጣ ሰው፣ «ይፍታ ተብሏል» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሾፈችብኝ ነው የመሰለኝ። የቤቴን ገመና ዳገት ላይ ቆማ ታስተጋባብኛለች ብዬ ደሜ ፈላ። «ይቺ ደግሞ ምን ቤት ናት» ልላት አፌን ከፈትኩ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ተገላበጠ። ይፍታ እስኪባል እንደታሰረ ይቆይ ብዬ ወደ ላይ የላክሁት እኔ ነኝ። አሁን ይፍታ ያልኩትም እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ኝ ነፋሱ በልቷታል።

ድንጋጤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር። እናቴ ወደቀች ሲሉኝ ደንግጫለሁ፤ መርዶም ሰምቼ አውቃለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው። ይዘጋ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ገበያ ይበትናል ያልኳችሁ ድምፅ፣ ያን ጊዜ ድመት አያስነሣም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሉ አባቴ።

ከጉድጓዱ ያ ማቃሰት መጣ። አየሩ ነው። ባዶ ቧንቧ ውስጥ ውሃ ከኋላ ሲገፋው የሚያሰማው፣ ሁልጊዜ ጀሪካን ይዤ የምነሣበት፣ ያ ድምፅ። እግሬ የተላቀቀው ያኔ ነው። ሮጥኩ። ከመድረሴ በፊት ውሃው ፈነዳ፤ ድንጋዩን ሲመታው ምድሩ ሲርድ በእግሬ ተሰማኝ። ወዲያው አጣናው ከጭቃው ተንሸራትቶ ብረቱ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ከታች አንድ ድምፅ መጣ፤ ጩኸት አልነበረም፣ «እ» ያለ ነው።

ስደርስ ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሳራቺኔስካው እግሩ ላይ ነው። ውሃው ከቧንቧው አፍ እየተምዘገዘገ ወጥቶ ወገቡ ድረስ ሞልቷል። ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። መሰላሉን ረግጬ ይሁን ዘልዬ አላውቅም፤ ብቻ ውሃው ውስጥ ራሴን አገኘሁት። በጥቅምት የብቸና ውሃ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብረቱን ጨበጥኩት፤ ያዳልጣል፣ ንቅንቅ አይልም። «ውጪ» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት። ነጠላዬን በብብቱ ሥር አሳልፌ ወደ ላይ ሳብኩት፤ ደረቱ ከፍ አለ፣ እግሩ ግን እዚያው ነው።

ያኔ ከላይ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ካህኑ በጆሯቸው ነግረዋቸው ኖሯል። እኒያ ግማሹን የማይሰሙት ሽማግሌ ከዘራቸውን ጥለው ወደ ዳገቱ ዞሩና በማኅሌት ድምፃቸው «ይዘጋ» አሉ። ድምፄን ከማን እንደወረስኩት ያን ቀን ገባኝ። ደገሙት፣ ደጋገሙት። ቆጣሪ አንባቢዋ ሥራው አልቋል ብላ ቁልቁል መውረድ ጀምራ ነበር አሉ። የአባቴ ድምፅ ሲደርሳት ግራ ተጋብታ ቆመች፤ ከዚያ እየሮጠች ሽቅብ ተመለሰች።

ግን ሳራቺኔስካ በአንድ ጊዜ ቀጥ የሚል ነገር አይደለም። እጀታው ዞሮ፣ ዞሮ፣ ዞሮ ነው። ከተዘጋም በኋላ ቧንቧው የያዘውን ሁሉ ሳይተፋ አይቆምም። ይህን ከባለቤቴ ጋር ስኖር ተምሬዋለሁ፤ ባላውቀው በተሻለኝ። ውሃው ደረቱን አለፈ። ትከሻውን አለፈ። እኔ ተንበርክኬ አገጩን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

በጉድጓዱ ድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ በባሕር ዛፉ መሐል የወረደውን ውሃ ያዩ የታችኛው ሠፈር ሴቶች «ውሃ መጣ» ብለው እልል ሲሉ ይሰማል። እልልታው ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ። ጀሪካናቸውን ይዘው እየተሯሯጡ መጡ፣ ካህኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ መስቀላቸውን ይዘው ሲጮኹ አዩ፣ እልልታው እንደ መብራት ጠፋ። ከዚያ ያ ሁሉ ጀሪካን፣ ያ ሁሉ ባልዲ፣ ለቀናት ውሃ ሲጠብቅ የኖረ ዕቃ ሁሉ፣ ውሃ ቀድቶ ወደ ውጭ መድፋት ጀመረ። የጠማቸው ሴቶች ውሃውን ሲደፉት አየሁ።

ከንፈሩ ጋ ደረሰ። አገጩን ሽቅብ ያዝኩት። አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ከዓይኔ አይነቅልም። ይህ ሰው ያዳንኩት መስሎት ነው እንዲህ የሚያየኝ አልኩ በልቤ። ውሃውን ማን እንደለቀቀበት አያውቅም። ከብርዱም ከፍርሃቱም ይልቅ ያን አስተያየት መቻል አቃተኝ። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግሁ፤ ብጨፍን አገጩ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ።

ውሃው እዚያ ቆመ። ከንፈሩ ላይ። ሲጎድል መጀመሪያ አላመንኩም፤ አገጩን ሳልለቅ የድንጋዩን እርጥብ መስመር ሳይ ቆየሁ። የሄደው ባልደረባው ተመልሶ፣ ሠፈርተኛው ተረባርቦ ብረቱን አነሡት። ባለቤቴ ሲያወጡት ነው የጮኸው። እኔ ስወጣ ጥርሴ እርስ በርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ አንዲት ጎረቤቴ ጋቢ ደርባብኝ «አይዞሽ፣ አንቺ ባትኖሪ አልቆለት ነበር» አለችኝ። ያን ስትለኝ ዞሬ አስመለስኩ።

ጤና ጣቢያ እግሩን በጄሶ አሰሩለት፤ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ግን ይድናል ተባለ። ቆጣሪ አንባቢዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «እህቴ፣ በማርያም፣ ይፍታ ብለሽ አልነበር? በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ብያለሁ» አልኳት። ምን ልበላት? እሷ ሥራዋን ነው የሠራች። ጥበቃውም ሥራውን ነው የሠራ። አጠገቧ ተቀመጥኩና አብረን አለቀስን።

ወደ ክፍሉ ስገባ አባቴና ካህኑ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ገርጥቷል፣ እግሩ ከትራስ ላይ ነው። እኔ ካህኑ እግር ሥር ወደቅሁና በለመደ አፌ «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ በጥፊ የተመታሁ ያህል ደነገጥኩ። ካህኑም ደነገጡ። የንስሐ አባት ስንት ሺህ ጊዜ የሚመልሱት መልስ ነው፤ «እግዚአብሔር» ብለው ጀመሩና ቀጣዩ ቃል ላይ ቆሙ። ሁላችንም የቀረውን እናውቃለን። ይፍታሽ ነው።

«ቀስ ብለው ይበሉት፣ አባ» አለ ባለቤቴ ካልጋው ላይ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ጥበቃው እንዳይሰማዎት።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ብቻ «ምን አለ?» አሉ ወደ ካህኑ ዘንበል ብለው። ካህኑ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው የቀረውን በሹክሹክታ ጨረሱልኝ፤ ከዚያ አባቴን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዷቸው።

ለብቻችን ቀረን። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የአልጋውን ብረት ይዣለሁ። ያን ቀልድ ሲናገር ነገሩ እንደገባው አውቄያለሁ፤ ቢሆንም በአፌ ልነግረው ይገባል። «ጉድጓድ ውስጥ ሳለህ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ እኔ ያልኩት» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ሻክሮ ለራሴም አይሰማኝም።

«ሰምቼሻለሁ» አለ።

«ነፋሱ ነው። ወደ ላይ ሲደርስ»

«እኔ ጋ ሲደርስ አልተቆረጠም» አለ። «ኝ ነበረችበት። ጥርት ብላ ነው የገባችው።» ዓይኑን ገለጠና ጣሪያውን አየ። «ልወጣ ነበር። መፍቻዬን አስቀምጬ መሰላሉን ይዤ ነበር፤ ባልደረባዬ እስኪመለስ ሄጄ ከአባትሽ ጋር ልቀመጥ ብዬ። ስትይው ሰማሁ። ያን ከሰማሁ በኋላ ምን ፊት ይዤ ልወጣ? ተመልሼ ወረድኩ። ደግመሽ ትይው እንደሆነ ቆሜ አዳመጥኩ። ደገምሽው።»

ውሃ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያየኝ የነበረው አውቆ ነው። ውጪ ያለኝም አውቆ ነው። ያን ስሰማ የደነገጥኩት ድንጋጤ ከጉድጓዱ ይበልጣል፤ የአልጋው ብረት በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጄሶው ያለበት እግር አብሮ ተነቃነቀና እሱ ጥርሱን ነከሰ።

ብረቱን ለቀቅኩት። ውጭ ነርሷ የሆነ ሰው ስም ትጣራለች።

«ታዲያስ?» አለኝ በመጨረሻ። «ምን ልበላቸው ሽማግሌዎቹን? አባትሽ ነገ መንገደኛ ናቸው።»

አትፍታኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እሱም ውስጥ ያ ቃል አለበት። ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ውሃው ታየኝና ዋጥኩት። ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ ከሱ ቃሎች አንዱን።

«እንደታሰረ ይቆይ» አልኩ።

ፊቱን አዙሮ አየኝ። «ምን አልሽ?»

ደግሜ ልናገረው ሞከርኩ፤ ድምፄ እንቢ አለኝ። ተነሣሁና ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት።